የቀጨኔው ታንዱር፦ ከአንድ ህንድ ቤት ጓዳ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5፣ 2018፣ ረቡዕ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ናኑ፣ የህንዱ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ እሳት ውስጥ ወደቀ። አንድ ሲወድቅ ያለ ነው። አምስተኛው ሲወድቅ ግን ዋናው ምግብ አብሳያችን ኡስታድ ምጣዱን ትቶ መጣ። ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ሸፈነ፣ የስልኩን መብራት አበራና ወደ ታንዱሩ ውስጥ አየ። ምንም ሳይናገር ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

እኔም አየሁት። ከአፉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ የግድግዳው ሸክላ ተገንጥሏል። የእንጀራ ግማሽ የሚያህል ቁራጭ ከሰሉ ላይ ተኝቷል። ከኋላው ያለው አሸዋ እንደ ሰዓት አሸዋ ቀስ እያለ ይፈሳል።

ታንዱር ለማያውቅ፦ አፉ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ፣ የጠላ ጋን የሚመስል የሸክላ ምድጃ ነው። ከሰሉ ከታች ይነዳል። ሥጋው በረጅም ብረት ተሰክቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ናኑ ደግሞ በትራስ ላይ ተዘርግቶ ግድግዳው ላይ በጥፊ ይለጠፋል። ግድግዳው በደንብ ሲግል፣ ወደ 400 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ናን በአንድ ደቂቃ ከምናምን ይደርሳል። የእኛው ስድስት ዓመት ሠርቷል። ለሸክላ ብዙ ነው።

ቤቱ የቤተሰብ ነው። አያትየው ባባ ጂ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ ወንበር አላቸው፣ ከእዚያ ሆነው የሚወጣውን ሳህን ሁሉ ያያሉ። ልጃቸው ግዢውንና ሒሳቡን ይይዛል። ምራታቸው ጠዋት ጠዋት መጥታ ለፓኒሩ፣ ለህንዱ አይብ፣ ወተት ታፈላለች። የልጅ ልጅየው ቲክቶኩን ይዟል። ጓዳው ግን የእኛ ነው። ኡስታድ የመጣው ከጋርዋል ነው፣ ሰሜን ህንድ ውስጥ ኡታራካንድ ከሚባለው ተራራማ አገር። ዴልሂ ሬስቶራንት ጓዳ ብትገቡ የዚያ አገር ሰው አታጡም። የናኑ ሰው የደሴ ልጅ ነው። አራት ዓመት ታንዱር ላይ ስለቆመ ቀኝ ክንዱ ላይ ፀጉር የሚባል የለም። እኔ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገብቼ አሁን የወጡን ድስት ሁሉ የምይዘው እኔ ነኝ።

ኡስታድ "ቤቲ" ይለኛል። በሂንዲ "ልጄ" ማለት ነው። አስተናጋጆቹ ቤተልሔም የምባል መስሏቸው ቤቲ አሉኝ፣ ደንበኛው ተከተላቸው። አሁን ከቤተሰቤ በቀር በስሜ የሚጠራኝ የለም። ተውኩት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አዲስ ታንዱር ከዴልሂ ለማስመጣት ልጅየው ስልክ ሲደውል ዋለ። ዶላር፣ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ። ቢቀና ከገና በኋላ ነው አሉት።

እስከዚያ ናኑን በኤሌክትሪክ ምጣድ ሞከርነው። አክንባሎም ደፋንበት። ከሥሩ ጥሩ ሆነ፣ ከላይ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ያ ጥቁር ነጠብጣብ የለም፣ ሽታውም የለም። የደሴው ልጅ ቀምሶ "አምባሻ በህልሙ" አለ።

ናኑስ ይሁን። የከፋው ዳሉ ነው። የኛ ዳል ማካኒ፣ ማለትም ጥቁሩ የኡራድ ጥራጥሬ ከቀይ ቦሎቄ ጋር፣ ቀን በጋዝ ይቀቀላል፣ ማታ ሲዘጋ ድስቱ ታንዱሩ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ በረመጡ ሲንተከተክ ያድራል። ጠዋት ስትከፍቱት ጥራጥሬው ቅርጹን ሳይለቅ ውስጡ ቅቤ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ትናንት ማታ በትንሽ ጋዝ አሳደርነው። ጠዋት ከሥሩ አርሯል፣ ከላይ ውሃ ነው። ባባ ጂ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ደፉት።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ድንገት ከአፌ ወጣ። "ጋን የሚሠራ ሰው ታንዱር ያቅተዋል?" ባባ ጂ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና "የት ነው የሚሠራው?" አሉ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ቀጨኔ። ከኡስታድ ጋር ሄድን።

አገር የሚያውቀው የሸክላ ሰፈር ነው። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ አክንባሎው በየደጁ ተደርድሯል። ጋን ግን እየጠፋ ነው። አሁን ጠላ በፕላስቲክ በርሜል ነው የሚጠመቀው። ሦስት ቤት ጠይቀን "ጋን የሚችሉ እማማ ናቸው" ብለው ወደ አንዲት እናት ላኩን። ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ በነበረበት ዘመን ያደጉ፣ ከእናታቸው የተማሩ ሴት ናቸው። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበሉ፣ ዙሪያውን ራሳቸው እየዞሩ ነው የሚሠሩት። ጋኑ ቆሞ ሰውየዋ ትዞራለች።

ኡስታድ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ቁመቱ 78 ሳንቲ፣ ሆዱ ከውጭ ከውጭ 46፣ አፉ 30፣ ግድግዳው 4 ሳንቲ ውፍረት። ከታች ክፍት።

"ታች የሌለው?" አሉ እማማ። "ልጄ፣ ታች የሌለው ጋን ምን ሊይዝ ነው?"

"እሳት" አልኳቸው።

ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው አዩት። "አራት ሳንቲ ደግሞ የጋን ግድግዳ አይደለም፣ የቤት ነው" አሉ። ግን ቀብድ ተቀበሉ። 6,000 ብር ተስማማን። ኡስታድ ስንወጣ የእማማን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ጎንበስ አሉ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሌላም ነገር አልቆብናል። ካሱሪ ሜቲ። በተር ቺክን በሚባለው የቲማቲምና የቅቤ ዶሮ ወጥ ላይ መጨረሻ ተፈርክሶ የሚነሰነሰው ደረቅ ቅጠል ነው፣ ያ ደንበኛው "ይሄ ምን ይሸታል?" የሚለው ሽታ። ለካ የአብሽ ቅጠል ነው! ሁለት ዓመት በእጄ ስፈረክሰው አላወቅኩትም። እኛ አገር ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን ማን ያየዋል። ከመርካቶ ግማሽ ኪሎ አብሽ ገዝተን፣ አንድ ሌሊት ነክረን፣ በተቆረጡ ጀሪካኖች ጓሮ ዘራን።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዲዋሊ፣ የህንዶች የብርሃን በዓል። ምራትየው ደጃፉን በሙሉ በሻማና በዘይት መብራት ሞላችው። የህንድ ኮሙኒቲ ሰዎች መጡ፣ ቤቱ ሞላ። እኛም ያለ ታንዱር። ሳምቡሳና ጣፋጭ አበዛን፣ ዶሮውን በኦቨን ጠበስነው። ማንም አላማረረም፣ የበዓል ቀን ስለሆነ ነው።

ከተዘጋ በኋላ ባባ ጂ ጓዳ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንዲህ የሚያደርጉት በዓመት አንዴ ነው። የሞቲ ማሃልን፣ የዴልሂውን ታዋቂ ሬስቶራንት፣ ታሪክ አወሩልን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

አባታቸው በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከራዋልፒንዲ ተሰደው ዴልሂ የገቡ ሰው ናቸው። ያኔ ነው ዳርያጋንጅ በሚባለው ሰፈር ሞቲ ማሃል የተከፈተው። የከፈቱትም ስደተኞች ናቸው፣ ከፔሻዋር የመጡ፦ ኩንዳን ላል ጉጅራል፣ ኩንዳን ላል ጃጊ እና ታኩር ዳስ። ሁለቱ ሞክሼዎች መሆናቸውን ልብ በሉ፣ በኋላ ለሚመጣው ጣጣ ይጠቅማል። ታንዱር ከዚያ በፊት ፑንጃብ ውስጥ የመንደር የጋራ መጋገሪያ ነበር። ሴቶቹ ሊጣቸውን በየራሳቸው ይዘው ይመጡና፣ ተራ እየጠበቁ፣ የሰፈሩን ወሬ ሲጨርሱ ዳቦው ይደርሳል። ሞቲ ማሃል ያንን ምድጃ ሬስቶራንት ውስጥ አስገብቶ ዶሮ ጠበሰበት። የዴልሂ ሰው ጉድ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ሳይቀሩ ደንበኛ ሆኑ።

ጣጣው የመጣው ከበተር ቺክን ነው። ማን ፈጠረው?

የጉጅራል ቤተሰብ "አያታችን ነው፣ ያውም በ1930ዎቹ ገና ፔሻዋር እያለ" ይላል። ሳይሸጥ የቀረው የታንዱር ዶሮ እየደረቀ ሲያስቸግረው ቲማቲም፣ ቅቤና ክሬም አዋህዶ ወጥ ሠራለትና ዶሮውን አለሰለሰው ነው ነገሩ። የጃጊ ቤተሰብ ደግሞ "የለም፣ የኛ አያት ነው፣ ዴልሂ ውስጥ" ይላል። ማታ ሊዘጋ ሲል ብዙ እንግዳ መጣ፣ የቀረው ዶሮ ጥቂት ነው፣ ለሁሉ እንዲዳረስ በወጥ አበዛው። በጃንዋሪ 2024 የጉጅራሎቹ ወገን የጃጊ የልጅ ልጅ ዳርያጋንጅ ብሎ የከፈተውን ሬስቶራንት ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ሬስቶራንቱ የበተር ቺክንና የዳል ማካኒ ፈጣሪ ነኝ ብሎ ይጽፍ ስለነበር ነው። የክሱ ወረቀት 2,752 ገጽ። የተጠየቀው ካሳ ወደ 240,000 ዶላር።

ለዶሮ ወጥ 2,752 ገጽ!

ባባ ጂ ክሱን በስልካቸው ይከታተላሉ፣ እንደ እግር ኳስ። ለጉጅራል ያደላሉ፣ አባታቸው እዚያ ቤት በልተው ስለሚያውቁ። "ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ዶሮ ያነሰበት ሰው ወሬ ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ኡስታድ ግን አልሳቀም። ድስቱን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠን፣ በሂንዲ አንድ ነገር አለ። የደሴው ልጅ ተረጎመልኝ፦ "ያን ቀን ቲማቲሙን ያጠለለው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።"

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አብሹ በቅሏል። ጣት ያህል አረንጓዴ።

ቀጨኔ ሄጄ ነበር። እማማ ጨርሰውታል። ምን ልበላችሁ፣ ሲያዩት ያምራል። ውስጡንም ውጩንም በጠጠር አሽተው መስተዋት አስመስለውታል። ፎቶ አንስቼ ለኡስታድ ላክሁ። "ሐሙስ ይተኮሳል" አሉኝ እማማ። አመስግኜ መጣሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኡስታድ መጀመሪያ ቀን "ካቻ" ብሎ ነበር። ጥሬ ማለት ነው። ታንዱር እሳት ውስጥ ገብቶ አይተኮስም። በጥላ ደርቆ፣ ከተተከለ በኋላ በራሱ ከሰል ቀስ እያለ ነው የሚበስለው። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ሁሉ ተርጉሜ ይቺን አንዷን ቃል ዘለልኳት። ዛሬ እማማ በእንጨትና በኩበት ከምረው ተኮሱት። አራት ሳንቲ ውፍረት ያለው ጭቃ ከውጭ ሲግል ከውስጥ አልደረሰም። ጧ አለ አሉኝ፣ ጎረቤት ሁሉ የሰማው። ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል።

ኡስታድ ፎቶውን አጉልቶ ሲያይ ስንጥቁን ትቶ ውስጡን ነካ። "ባይሰነጠቅም አይሆንም ነበር" አለ። ለስላሳ ግድግዳ ናን አይዝም። ሻካራ መሆን አለበት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሁለታችንም እንደገና ቀጨኔ። እማማ ፊታቸው ጠቁሯል። ገንዘቡን ልመልስ አሉ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኳቸው። "አንቺማ ልጅ ነሽ፣ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ፣ አርባ ዓመት ስሠራ" ብለው ተቆጡኝ። ጭራሽ ጥፋቱንም ቀሙኝ።

ኡስታድ ሸሚዙን ሰብስቦ ጭቃው ፊት ቁጢጥ አለ። ፀጉር ያስፈልጋል አለ፣ የፍየል። አገሩ ጭቃው ውስጥ እሱን ነው የሚጨምሩት፣ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ወይም ገለባ። እማማ ይሄን ስተረጉም ሳቅ ጀመራቸው። "ታዲያ የምትፈልጉት የጭቃ ቤት ጭቃ ነው በሉኛ! የጤፍ ጭድ!" ልጃቸውን ጠሩ። እሱ ቤት ሲመርግ ያደገ ነው። ጭዱን በትኖ በእግሩ ሲረግጠው ኡስታድም ጫማውን አውልቆ ገባ። አንድ የጋርዋል ሰውና አንድ የቀጨኔ ልጅ፣ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ ግማሽ ሰዓት ጭቃ ረገጡ።

ማለስለሱን እንዲተዉት ማሳመን ነው የከበደን። እማማ እጃቸው እምቢ ይላል። አንዱን ድርብ ጨምረው ሳያስቡት ጠጠሩን ያነሳሉ። ኡስታድ "ኖ፣ ማታ ጂ!" ይላል፣ "እናቴ" ማለቱ ነው። ያስቀምጣሉ። ትንሽ ቆይተው ያነሳሉ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አብሹን አጨድን። ቅጠሉን ጓዳው ውስጥ በጥላ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋነው። ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከአራት ጀሪካን የወጣው ሲደርቅ አንድ ጀበና አይሞላም። ሽታው ግን ከፓኬቱ ይበልጣል።

ጥቁሩን ካርዳሞም በኮረሪማ ተክተነዋል። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን የህንዱ በእሳት ጢስ ስለሚደርቅ ጢስ ጢስ ይላል። ኮረሪማ ያ የለውም፣ ወደ ጣፋጭ ያደላል። ኡስታድ ይወደዋል፣ ባባ ጂ አላወቁም። እንዳትነግሩብኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ምናለሽ ተራ በርሜል ገዛሁ፣ ባለ 200 ሊትሩን። ውስጡ ምን እንደነበረ በደንብ ጠይቄ ነው። ኬሚካል ከሆነ አይሆንም፣ የእኛው የምግብ ዘይት ነበረበት። ብየዳ ቤት ወስጄ ከላይ ክዳኑን አስቆረጥኩ፣ ከሥር ለአየር መግቢያ መዳፍ የሚያህል መስኮት አስከፈትኩ። የበርሜሉ ስፋት 57፣ የታንዱሩ ሆድ 46። በየጎኑ አምስት ሳንቲ ከምናምን ይተርፋል። እዚያ አሸዋና አመድ ይገባል፣ ሙቀቱን እንዲይዝ። የተሰበረውን የድሮውን ታንዱርም ፈጭተን ጨመርንበት፣ ኡስታድ ነው ይሁን ያለው።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ታንዱሩ መጣ። ሃያ ቀን በጥላ ደርቋል። ሰባ ኪሎ አካባቢ ይሆናል፣ ጥሬ ጭቃ ስለሆነ አንዴ ቢመታ አለቀለት። ፒካፕ ላይ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍን። የቀጨኔን ኮብልስቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። የደሴው ልጅ ታንዱሩን አቅፎ ነው የመጣው፣ እንደ ሙሽራ። ሹፌሩ "ውስጡ ምንድነው?" ሲል "እንጀራዬ" አለው።

እማማ አፉ ከንፈር ላይ አውራ ጣታቸውን ተጭነው ምልክት አድርገዋል። ሁሉም ሥራቸው ላይ እንደሚያደርጉ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ተተከለ። ከዚያ ቀቡት። ይሄኛው የኡስታድ ምስጢር ነው፣ ግን ብዙ ቤት እንደዚህ ስለሚያደርጉ ልጻፈው። የተፈጨ ስፒናች፣ የሰናፍጭ ዘይት፣ እርጎ፣ ጨውና ጉር የሚሉት ጥቁር የሸንኮራ ስኳር። ጉሩ ስላለቀ ስኳር አሳርረን ተጠቀምን። ውስጡ በእጅ ይለቀለቃል። ሲሞቅ ግድግዳው ላይ ቆዳ ይሠራል፣ ናኑ አፈር ይዞ እንዳይወጣ። ጓዳው እንደ ቤት ልቅለቃ ሸተተ፣ የስፒናች ቀለም ያለው እበት በሉት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ይሄን ቀን ስንፈራው ነበር። የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ሆኖ ለረጅም ሰዓት መንደድ አለበት፣ በዚያ ላይ እርጥበቱና ቅባቱ ጢስ ነው። ጎረቤታችን ቢሮ ነው፣ ባለፈው ጊዜ ለጢስ ጠበቃ እንልካለን ብለውን ነበር።

ጠዋት ስንወጣ መንደሩ በሙሉ ጢስ ነው! ኅዳር ሲታጠን። በየደጃፉ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጭጋጉ ሰፈሩን ሸፍኖታል። እኔ በጭንቀት ቀኑን ረስቼዋለሁ። ኡስታድ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የኅዳር በሽታን ነገርኩት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1911 አዲስ አበባን የፈጀውን ኢንፍሉዌንዛ። ሰው ያኔ ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ቀን ያጥናል። ኡስታድ "ህንድም ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልቋል" አለ። እውነት ነው፣ ያው በሽታ ነው። ከሰሉን ለኮሰ።

የኛን ጢስ ከአዲስ አበባ ጢስ ማን ይለየዋል። እስከ ማታ አጠንነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ እሳት፣ ከፍ ያለ። ከአፉ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጣ። እኔ ልቤ ቆመ። ኡስታድ በጭዱ ጭቃ ደፈነውና "ይተነፍሳል፣ ተይው" አለ።

የልጅ ልጅየው ቪዲዮ ቀርጾ ለጠፈ። ጥሩ ቪዲዮ ነው፣ እሳቱ ያምራል። ከሥሩ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "በቀጥታ ከዴልሂ የመጣ አዲስ ታንዱር!" የደሴው ልጅ አነበበልኝ። አንደኛ ነገር ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ ያ የአውራ ጣት ምልክት ቪዲዮው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለባባ ጂ ነገርኳቸው። ልጁን ጠርተው በሂንዲ ብዙ ተናገሩት። የሰማሁት አንድ ቃል ነው፦ "ሞቲ ማሃል።" ልጁ ጽሑፉን ቀየረው። አሁን "አዲስ ታንዱር!" ብቻ ይላል። ውሸቱ ወጣ፣ እውነቱ ግን አልገባም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል፣ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ዛሬ ሥጋ ሊበላ ወጥቷል። ከዚህ የባሰ የመክፈቻ ቀን አይመረጥም።

ሙሉ ከሰል ሞላን። የደሴው ልጅ ናን ዘርግቶ በትራሱ ለጠፈ። ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ኡስታድ ጨው ያለበት ውሃ በእጁ ወደ ግድግዳው ረጨ፣ ጠዝ አለ። ትንሽ ጠበቀና "አሁን" አለ። ሦስተኛው ያዘ። ጎኑ ሲነፋ፣ ጥቁር ነጠብጣቡ ሲወጣ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን። በብረት መንጠቆ ሲወጣ ጀርባው ላይ የጭድ አሻራ ነበረበት፣ ቀጭን መስመር። የጤፍ ጭድ። ያን ናን ማንም አልሸጠውም፣ እዚያው ቆመን በላነው።

ዶሮው በ11 ሰዓት ገባ። እርጎ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ቀለም እንጂ እሳት የሌለው የካሽሚር ሚጥሚጣ። (በርበሬ አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ ዶሮ ወጥ ሆነብኝ።) ወጡን እኔ ሠራሁ። ቲማቲሙን ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በወንፊት ሁለት ጊዜ አጠለልኩት። ቅቤ፣ ክሬም፣ መጨረሻ ላይ የጓሯችን አብሽ በመዳፌ ተፈርክሶ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዶሮ አለቀ። አዲስ እንግዶች ገብተው ነበር፣ ስድስት። ኡስታድ የቀሩትን ቁርጥራጮች ቆጠረ፣ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ወጡን አበዛሁት።

ማታ ሲዘጋ የዳሉን ድስት ታንዱሩ አፍ ላይ አስቀመጥኩ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጠዋት 12 ሰዓት ክዳኑን ከፈትኩ። ላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ሠርቷል። በጭልፋ ስሰብረው ከሥሩ ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ ብቅ የሚል አረፋ። ጥራጥሬውን በጣቴ ጫንኩት፣ ሟሟ። ሽታው ምን እንደሚል አልነግራችሁም።

አልቀመስኩትም። ቅቤ ያለበት ነው፣ ዛሬ ጾም ገባ። አርባ ቀን ስንጠብቀው የነበረው ዳል የደረሰው እኔ በማልቀምስበት ቀን ነው። የደሴው ልጅ እስላም ነው፣ እሱ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። "ንገረኝ እንጂ!" ስለው "ዝም በይ እስቲ፣ እየበላሁ ነው" አለኝ።

ባባ ጂ ጋ አንድ ሳህን ላክሁ። ሳህኑ በናን ተጠርጎ ተመለሰ።

ምሳ ላይ የየዓመቱ ጣጣ ጀመረ። ደንበኛ "የጾም ነው?" ይላል፣ ሌላ አዲስ አስተናጋጅ "አዎ፣ ፑር ቬጅ ነው" ይላል። ህንድ አገር ፑር ቬጅ ማለት ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ ግን ይገባል። ለእኛ ደግሞ ያ ፍስክ ነው። ሜኑው ላይ የጾሙን ለብቻ በአማርኛ ጻፍኩ። ሽምብራው፣ ድንችና አበባ ጎመኑ፣ ቢጫው ምስር በዘይት። ናኑን ያለ እርጎና ያለ ወተት፣ በውሃና በዘይት አቦካነው። ለስላሳ እንዲሆን ሊጡ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ያድራል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

እማማን ምሳ ጋበዝናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ጋር መጡ። ባባ ጂ ከወንበራቸው ተነስተው በራቸው ድረስ ተቀበሏቸው። የጾም ናንና ሽምብራ አቀረብን። እማማ ናኑን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ ያችን መስመር በጣታቸው ተከተሏት፣ ግን ምንም አላሉም።

ከምግብ በኋላ ጓዳ ገብተው ሳያዩት መሄድ አልቻሉም። ታንዱሩ ፊት ቆሙ። ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታቸው ወደ ኋላ አላሉም፣ እሳት የለመዱ ናቸው። አፉ ዙሪያ ሲሚንቶ ስለመረግንበት የአውራ ጣታቸው ምልክት ተሸፍኗል። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅ እሳቸው ሌላ ነገር ነው ያዩት። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገው፣ ግድግዳውን ትኩር ብለው አይተው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይሄ ሻካራ ሆኖ እንደቀረ ሰው አየው?"

"ሰው አይቶታል፣ እማማ።"

"የእኔ ሥራ ነው ብላችሁ እንዳትናገሩ። ሲበርድ ጥሩኝና መጥቼ ላለስልሰው" አሉ።

ኡስታድ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት፣ በዚህኛው ጊዜ ቃል ሳልዘል። ሳቀ፣ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ትኩስ ናን አንስቶ በወረቀት ጠቀለለና ለቤታቸው ያዘላቸው።